ጠይቁን፦ ሶሎው ሲሰጥም፣ ስለ ቡስት ፔዳል ከከተማው ዳር የመጡ ጥያቄዎች

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ፣ ከቡራዩ፣ ከኮዬ ፈጬና ከአያት የደረሱን ናቸው። ሁሉም የሚያወሩት ሶሎ ሲደርስ የጊታሩን ድምፅ ከፍ ስለሚያደርገው ቡስት ፔዳል ስለሆነ በአንድ ላይ አስተናገድናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ በሠርግና በመልስ በሚሠራ ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። ሶሎዬ እንዲወጣልኝ ብዬ ቡስት ገዛሁ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሞክረው ግድግዳውን ያናውጠዋል። ድንኳን ውስጥ ግን ዲስቶርሽኑን ከፍቼ ቡስቱን ስረግጠው ድምፁ ይሻክራል እንጂ አይጨምርም። ፔዳሉ ተበላሽቶ ይሆን? (ሱሉልታ)

መልስ፦ ፔዳሉ ደህና ነው፤ የተሰካበትን ቦታ ይመልከቱ። ከአገላለጽዎ እንደምንረዳው ቡስቱ ከጊታሩ ቀጥሎ፣ ከዲስቶርሽኑ በፊት ነው ያለው። ዲስቶርሽን ሻካራ ድምፁን የሚያመጣው የሞገዱ ጫፍ ከተወሰነ ከፍታ በላይ እንዳይወጣ ስለሚቆርጠው ነው። ከፊቱ ተጨማሪ ኃይል ቢያስገቡበት የሚቆረጠው ክፍል ይበዛል፤ የሚወጣው መጠን ግን ያው ነው። የሞላ እንስራ ላይ ውኃ ቢጨምሩ ይፈሳል እንጂ አይበዛም። ቤት ውስጥ የሠራልዎት ዲስቶርሽኑ ጠፍቶ ወይም ጌይኑ (የሚያሻክርበት መጠን) ዝቅ ብሎ ስለነበረ ነው።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ይለውጡት፦ ጊታር፣ ዋህ ፔዳል ካለ ዋህ፣ ዲስቶርሽን፣ ቡስት፣ ዲሌይ (ማሚቶ የሚፈጥረው)፣ አምፕ። ዲስቶርሽኑ ከራሱ ከአምፑ ቻናል የሚመጣ ከሆነ ግን ከአምፑ ፊት የትም ቢሰኩት ለውጥ አያገኙም። አምፑ ከኋላው ‹ሴንድ› እና ‹ሪተርን› የሚሉ ሁለት ቀዳዳዎች ካሉት ከሴንድ ወደ ቡስቱ፣ ከቡስቱ ወደ ሪተርን ያስገቡ። ከሌሉት አምፑን ንጹህ ድምፅ ላይ አድርገው ዲስቶርሽኑን ከፔዳል ማምጣት ይኖርብዎታል።

በሴንድና ሪተርን በኩል የሚያልፍ ድምፅ አንዳንድ አምፕ ላይ ኃይለኛ ነው። ለሙያ ዕቃዎች የተለመደው የመስመር መጠን ከጫፍ እስከ ጫፍ 3.5 ቮልት ያህል ነው። 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ሲጨምሩበት በእጥፍ አድጎ 7 ቮልት ይሆናል። በ9 ቮልት የሚሠራ ፔዳል ከዚህ ብዙ በላይ ማሳለፍ አይችልም፤ ካለፈ ራሱ ቡስቱ መቁረጥ ይጀምርና ወደ ተነሣንበት ችግር እንመለሳለን። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ 6 ዴሲቤል ጣሪያዎ ይሁን።

በነገራችን ላይ ለሶሎ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ይበቃል። ፔዳሉ ‹እስከ 26 ዴሲቤል› የሚል ጽሑፍ ካለው ቮልቴጁን 20 እጥፍ ያደርሳል ማለት ነው፤ ያን ሁሉ ድንኳን ውስጥ የሚፈልገው የለም። ማዞሪያውን ግማሽ ላይ አድርጎ መጀመር የተለመደ ስሕተት ነው። አነሣሡም ከፔዳል ፔዳል ይለያያል። ኤም.ኤክስ.አር ማይክሮ አምፕ የተባለው ቡስት ማዞሪያው መጨረሻ ዝቅ ሲል ድምፁን እንዳለ ያሳልፋል፤ ኤል.ፒ.ቢ 1 የተባለው ቡስት ደግሞ ዜሮ ላይ ጭጭ ይላል። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ በመጀመሪያ ሲረግጡትና ሲያጠፉት ድምፁ እኩል የሚሆንበትን ነጥብ ያግኙ፣ ከዚያ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ። ይህንን የሚያደርጉት መላው ባንድ እየተጫወተ ነው። ብቻዎን ሆነው ያስተካከሉት ቡስት ወይ ይበዛል ወይ አይሰማም።

ዲሌይ ካለዎት ቡስቱን ከዲሌዩ በፊት ያድርጉት። ሶሎውን ጨርሰው ቡስቱን ሲያጠፉ የመጨረሻው ኖታ ማሚቶ በነበረበት ከፍታ ቀስ ብሎ ይሞታል፤ አጃቢነትዎም ከሥሩ ይጀምራል። ከዲሌዩ በኋላ ከሆነ ግን ማሚቶው በአንድ ጊዜ ይወድቃል፤ ለጆሮ ደስ አይልም።

ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ካልጨመረ አምፑ አቅሙን ጨርሷል። ባለ 20 ዋት አምፕ አጃቢ ሲጫወቱበት ቮሊዩሙ 9 ላይ ከሆነ ለሶሎ የቀረ ነገር የለውም። ባለ 40 ዋት ቢቀይሩትም የሚያገኙት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ ‹እጥፍ ጮኸ› የሚያስብለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲሆን ለዚያ የሚያስፈልገው ኃይል 10 እጥፍ ነው። ርካሹ መንገድ የአጃቢነቱን ድምፅ ማውረድ ነው። ጊታሪስት ይህንን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል፤ ቢሆንም ሶሎው ጎልቶ የሚሰማው ከፊቱ ዝቅ ያለ ነገር ሲኖር ነው።

ቡስትን ከዲስቶርሽን በፊት ማስቀመጥ ስሕተት ነው ማለታችን ግን አይደለም። ሥራው ሌላ ነው፦ ኖታው ቶሎ እንዳይሞት ያደርጋል። ትዝታ ላይ እንደ ማሲንቆ የሚጎተት ረጅም ድምፅ ሲፈልጉ ከፊት ያለ ቡስት ይረዳል። ለዚህ የሚመረጠው እንደ ቲዩብ ስክሪመር ያለው ዓይነት ነው፤ ‹ድራይቭ› የሚለውን ዜሮ፣ ‹ሌቭል› የሚለውን ሦስት አራተኛ፣ ‹ቶን› የሚለውን ግማሽ ላይ አድርገው ይሞክሩት። ይህ ፔዳል ወፍራሙን ድምፅ ስለሚቀንስ ዲስቶርሽኑ አይጨማለቅም። ሁለቱንም የሚሹ ሰዎች አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ ያደርጋሉ።

ጥያቄ፦ ቡስቴ ከዲስቶርሽን በኋላ ነው፣ ድምፁም በእርግጥ ይጨምራል። ኪቦርዱ ስትሪንግ ሲለቅ ግን ጊታሩ ከሥሩ ይቀበራል። ትሬብሉን ስጨምረው ሰዎች ጆሮአቸውን ይይዛሉ። ምን ላድርግ? (ሰበታ)

መልስ፦ ትሬብሉን ይተዉት። ጊታር ላይ ከሚመቱት ኖታዎች እጅግ ቀጭኑ፣ ባለ 22 ፍሬት ጊታር የመጨረሻው ፍሬት ላይ ያለው፣ 1,175 ሄርዝ ገደማ ነው። ወፍራሙ ክፍት ክር 82 ሄርዝ ነው። ዜማው ያለው በእነዚህ መካከል ሲሆን ጆሮ ‹ይህ ጊታር ነው› ብሎ የሚለየው በተለይ ከ500 እስከ 2,000 ሄርዝ ባለው ክልል ነው። ከዚያ በላይ ያለው የፒክ (ክሩን የምንመታበት ቁራጭ) መንጫጫት ነው፤ ከ5,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ደግሞ ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር ራሱ በደንብ አያወጣውም። ትሬብል ሲጨምሩ የሚያገኙት ከሃይሃትና ከዘፋኙ የ‹ስ› ድምፅ ጋር የሚጋጭ ስለት ነው።

ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ቤት ውስጥ ነው። ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ቤዙንና ትሬብሉን አሳንሶ ይሰማል። ስለዚህ ጎረቤት እንዳይረበሽ ቀስ ብሎ የሚለማመድ ሰው ቤዝ 8፣ ሚድል 2፣ ትሬብል 8 ያደርግና ‹እንዴት ያምራል!› ይላል። ያንኑ ማስተካከያ መድረክ ላይ በኃይል ሲለቀው ቤዙ አብጦ ከቤዝ ጊታሩ ጋር ይጋጫል፣ ትሬብሉ ይወጋል፣ ጊታሩ የሚኖርበት መሐሉ ባዶ ሆኖ ለኪቦርድ ይተርፋል። ቤዝ 4፣ ሚድል 7፣ ትሬብል 5 አድርገው ይጀምሩ። ብቻዎን ሲሰሙት ‹አፍንጫ አፍንጫ› ይላል፤ ባንዱ ውስጥ ግን ቦታውን ያገኛል።

ቡስትዎ ንጹህ ከሆነ ሁሉንም እኩል ነው የሚያነሣው፤ ባዶ መሐል ቢያነሡት ባዶ መሐል ነው። ለእርስዎ ሁኔታ ከንጹህ ቡስት ይልቅ ኢኳላይዘር ፔዳልን (ወፍራሙን፣ መሐሉንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክለውን) ቡስት አድርጎ መጠቀም ይሻላል እንላለን። ቦስ ጂ.ኢ 7 ሰባት ተንሸራታች ማስተካከያና የራሱ የድምፅ መጠን ማንሻ አለው፤ እያንዳንዱ እስከ 15 ዴሲቤል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ለሶሎ መነሻ የሚሆን ቁጥር ይኸው፦ 100 ሄርዝ ላይ 6 ይቀንሱ፣ 200 ላይ 2 ይቀንሱ፣ 400 ላይ 1 ይጨምሩ፣ 800 ላይ 5፣ 1,600 ላይ 4፣ 3,200 ላይ 1 ይጨምሩ፣ 6,400 ላይ 4 ይቀንሱ፤ ሌቭሉን 2 ወይም 3 ከፍ ያድርጉት። 100ውን መቀነስ ምን አገባው እንዳይሉ፤ ወፍራሙ ሲወርድ ነው አምፑ ለመሐሉ ትርፍ አቅም የሚያገኘው። ድምፁ ጠበብ ያለ የቀንድ ድምፅ ከሆነብዎ 800ውን ወደ 3 ይመልሱ።

ሪቨርብ (የአዳራሽ ማስተጋባት የሚመስለው) በሶሎ ጊዜ ጊታሩን ወደ ኋላ ይወስደዋል። ማማር ካስፈለገ ሪቨርቡን አጥፍተው ከ350 እስከ 400 ሚሊ ሴኮንድ የሆነ ዲሌይ በዝቅተኛ መጠን ይጠቀሙ። ቺክቺካ ላይ ከሆኑ ደግሞ ዲሌዩ ከምቱ ጋር ካልገጠመ ያምታታል፤ ያጥፉት።

የቀረው ፔዳል የማይፈታው ነው። ኪቦርዲስቱ በሁለት እጁ ሰፊ ስትሪንግ ይዞ ከቆመ ምንም ዓይነት ቡስት አያድንዎትም። በልምምድ ጊዜ ተስማሙ፤ ሶሎው ሲገባ ቀኝ እጁን ያንሣ፣ ወይም ስትሪንጉን አንድ ኦክታቭ ያውርድ፣ ወይም እርስዎ ሐረግ ሲጨርሱ ብቻ ምላሽ ይስጥ። እርስዎም አምስተኛው ፍሬት አካባቢ የሚጫወቱትን ባቲ ወይም አምባሰል ወደ አሥራ ሁለተኛውና ከዚያ በላይ ቢወስዱት ከስትሪንጉ ክልል በከፊል ይወጣሉ።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራን ጋር ጊታር እጫወታለሁ። አምፕ የለንም፤ ከፔዳሎቼ በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ነው የምሰካው። ቡስት ስረግጥ ሚክሰሩ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፣ ሳውንድ የሚይዘው ልጅም ደንግጦ ያወርደኛል። ሶሎው ካለቀ በኋላ ደግሞ አልሰማም። (ቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ እህታችን፣ ልጁን አትውቀሺው፤ ቀይ መብራት ካየ ማውረድ ሥራው ነው። ስሕተቱ ያለው ሳውንድ ቼክ ላይ ነው። አብዛኛው ጊታሪስት ሳውንድ ቼክ ላይ አጃቢውን ቀስ ብሎ ይመታል፣ የሚክሰሩ ጌይንም (የመግቢያው መጠን) በዚያ ይስተካከላል፤ ከዚያ ፕሮግራሙ መካከል ቡስት ይረገጣል። አገላብጪው። መጀመሪያ ቡስቱን ከፍተሽ፣ በፕሮግራሙ ላይ በምትመቺው ኃይል ሶሎሽን ተጫወቺ፤ ልጁ የቻናልሽን ጌይን ቀይ መብራቱ ሊበራ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ያስተካክል። ከዚያ ቡስቱን አጥፊና አጃቢ ተጫወቺ፤ አሁን ፌደሩን (የቻናሉን ድምፅ የሚያወጣና የሚያወርደውን ተንሸራታች) ብቻ ተጠቅሞ ከዘማሪዎቹ ጋር ያመጣጥንሽ። ጌይኑን ከዚያ በኋላ ማንም አይንካው። በጉዳዩ ላይ ከልጁ ጋር አንድ ጊዜ መነጋገር ከማንኛውም ፔዳል በላይ ይጠቅማል።

አሁንም ቡስቱ የጠፋ ከመሰለሽ ኮምፕረሰሩን (ከፍ ያለውን ድምፅ ወደ ታች የሚጫነውን) ተመልከቱ። አንዳንድ ትናንሽ ሚክሰሮች ላይ በአንድ ማዞሪያ የሚሠራ ኮምፕረሰር በየቻናሉ አለ፤ የሚከፍተው ሰው ሳያስበው ለድምፅ የከፈተውን ለጊታርም ይከፍተዋል። ኮምፕረሰሩ በ4 ለ 1 እየሠራ ከሆነ፣ ከመነሻው በላይ የጨመርሽው 6 ዴሲቤል ሲወጣ 1.5 ዴሲቤል ብቻ ይሆናል። የጊታርሽ ቻናል ላይ ዜሮ ይደረግ። ስፒከሮቹ ላይ ‹ሊሚት› የሚል መብራት በሶሎ ጊዜ የሚበራ ከሆነም ተመሳሳይ ነገር እየሆነ ነው፤ አዳራሹ በጠቅላላ በጣም ጮኋል ማለት ነው።

ሁለት ነገር እንጨምርልሽ። ዲስቶርሽን በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሲሰካ እንደ ንብ የሚነዝረው የጊታር ስፒከር ስለሌለ ነው፤ ከሰንሰለቱ መጨረሻ የስፒከር ድምፅ የሚያስመስል ፔዳል ወይም ‹ካቢኔት› የሚባለው ክፍል የተከፈተበት መልቲ ኤፌክት ያስፈልጋል። ቡስትሽ ከእርሱ በፊት ይሁን። ሁለተኛ፣ ሁሉም ፔዳል ጠፍቶ ጊታርሽ በሚክሰሩ ላይ የደነዘዘ ከመሰለሽ ምክንያቱ የመስመር መግቢያው ነው። ጊታር 1 ሜጋ ኦም ያህል መግቢያ ይፈልጋል፤ የሚክሰር የመስመር መግቢያ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ኦም ነው። ዲ.አይ ቦክስ (የጊታርን ድምፅ ለሚክሰር የሚያመቻች ትንሽ ሣጥን) ይፈታዋል። ከሌለ ሚክሰሩ ላይ ለጊታር የተለየ ‹ሃይ ዚ› የሚል መጫኛ ካለ እሱን ተጫኚ፤ ያም ከሌለ መግቢያው ከፍ ያለ ንጹህ ቡስት ምንም ሳይጨምር ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ልዩነት ያመጣል። ለሶሎ ግን ያኔ ሌላ ፔዳል ይኖርሻል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ ለገና ይመጣል፤ አንድ ፔዳል ላምጣልህ ብሎኛል። የትኛውን ልበለው? አዳፕተሩስ እኛ አገር ይሠራል? (ለገጣፎ)

መልስ፦ ከአዳፕተሩ እንጀምር፤ ገንዘብ የሚያስወጣው እሱ ነው። በጀርባው ላይ የመግቢያ ቮልቴጅ ተጽፏል። ‹100–240› ካለ ሶኬቱን የሚያስተካክል መሰኪያ ብቻ ነው የሚያስፈልግህ። ‹120› ብቻ ካለ የእኛ 220 ቮልት ወዲያው ያቃጥለዋል። ፔዳሉን ብቻ ያምጣልህ፣ አዳፕተሩን እዚህ ፈልግ፦ 9 ቮልት ዲ.ሲ፣ መሐሉ ኔጌቲቭ። አብዛኛው አናሎግ ቡስት ከ10 ሚሊ አምፔር በታች ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ የአዳፕተሩ አምፔር ከሚያስፈልገው ቢበልጥ አይጎዳም።

ቤት ውስጥ ያለውን የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር እንዳትሞክር። ጫፉ ልክ ይገባል፤ ነገር ግን አብዛኛው መሐሉ ፖዘቲቭ ነው፣ ቮልቴጁም ብዙ ጊዜ 12 ነው። መከላከያ ዳዮድ የሌለው ፔዳል በዚህ ይሞታል። በአዳፕተሩ ላይ ያለውን ትንሽ የክብና የነጥብ ሥዕል ሳታይ ምንም አትሰካ።

ስለ ፔዳሉ፦ ንጹህ የሚባሉት ማይክሮ አምፕና ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታወቅበት ኤል.ፒ.ቢ 1 ናቸው። ቲዩብ ስክሪመርና ቦስ ኤስ.ዲ 1 መሐሉን ያነሣሉ፣ ጥቂትም ያሻክራሉ። ትሬብል ቡስተር የሚባለው፣ ብራያን ሜይ ከቮክስ አምፕ ጋር በመጠቀም የሚታወቅበት ዓይነት፣ አስቀድሞ ለሚሻክር የቲዩብ አምፕ የተፈጠረ ነው፤ ትራንዚስተር አምፕ ላይ ጥርስ ያፋጫል። አንድ ብቻ ከሆነ የሚመጣልህ እኛ ኢኳላይዘሩን ጂ.ኢ 7ን እንመርጣለን፤ ምክንያቱን ለሰበታው አንባቢ ጽፈናል። ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለም፤ ተንሸራታቾቹ ሲንቀሳቀሱ የሚንጫጩ ከሆነ አቧራ ነው፣ በኮንታክት ክሊነር ይጸዳል።

ጥያቄ፦ ቡስት ስረግጥ ‹እምምም› የሚል ድምፅ ይመጣል። በጄኔሬተር ስንሠራ ደግሞ ይብሳል። (ቡራዩ)

መልስ፦ ቡስት ዜማና ጩኸት አይለይም፤ 6 ዴሲቤል ሲያነሣ ከፊቱ ያለውን ጩኸትም 6 ዴሲቤል ያነሣል። ስለዚህ ጩኸቱን የፈጠረው ቡስቱ ላይሆን ይችላል። ለማወቅ ቡስቱን ክፍት አድርገው በጊታሩ ላይ ያለውን ቮሊዩም ዜሮ ያድርጉ። ጩኸቱ ከጠፋ ምንጩ ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው) ነው፤ ነጠላ ጥቅል ያለው ፒክአፕ ከትራንስፎርመርና ከዲመር አምፖል 50 ሄርዙን ይለቅማል፤ ከአምፑ አንድ ሁለት ሜትር ራቁና አቅጣጫ ቀይሩ። ካልጠፋ ቡስቱን ከአዳፕተር ነቅለው በባትሪ ያስነሡት። አሁን ከጠፋ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ወይም አንዱን አዳፕተር ለአራት ለአምስት ፔዳል የሚያካፍለው ገመድ ነው። በተለይ ዲጂታል ዲሌይና አናሎግ ቡስት አንድ ገመድ ሲጋሩ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። እነዚህን መለየት፣ ወይም ለቡስቱ ብቻ ባትሪ መተው ነው መፍትሔው።

በባትሪም ካልጠፋ ወደ ማከፋፈያው ይሂዱ። አምፑ ከአንድ ቦታ፣ ሚክሰሩ ከሌላ ቦታ መብራት ሲወስዱ በግራውንዳቸው መካከል ልዩነት ይፈጠርና በገመዶቹ በኩል ይዞራል። ሁሉም ከአንድ ሶኬት በአንድ ማከፋፈያ ይውሰዱ። የመሬት ሽቦውን መቁረጥ ወይም ሦስተኛውን እግር መስበር ጩኸቱን ሊያጠፋው ይችላል፤ በዝናብ ቀን ድንኳን ውስጥ ማይክ ላይ ከንፈሩን ያስጠጋ ጊታሪስትንም ሊገድል ይችላል። በፍጹም አይሞከርም።

ጄኔሬተሩን በተመለከተ፣ የቮልቴጁን መውጣትና መውረድ ስታቢላይዘር ያረጋጋዋል፤ የሞገዱን ቆሻሻ ግን አያጸዳም። ለዚህ ነው ቡስት በባትሪ የሚመከረው። መብራት ሲጠፋ አምፑን ወዲያው ያጥፉ፤ ሲመጣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ሊመጣ ስለሚችል ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቀው ያብሩ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ነኝ። ቡስት ራሴ መሥራት እችላለሁ? ዕቃዎቹስ መርካቶ ይገኛሉ? (ኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ትችላለህ። ባለ አንድ ትራንዚስተር የሆነው የኤል.ፒ.ቢ 1 ዓይነት ሰርኪት በጣም ቀላሉ ነው። የሚያስፈልግህ፦ ቢ.ሲ 547 ወይም 2ኤን 3904 ትራንዚስተር አንድ፤ 430 ኪሎ፣ 43 ኪሎ፣ 10 ኪሎ፣ 390 ኦምና 1 ሜጋ ሬዚስተር አንዳንድ፤ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር (ላዩ ላይ 104 የተጻፈበት) ሁለት፤ 100 ኪሎ ማዞሪያ ፖቴንሺዮሜትር፤ ሁለት ጃክ፣ ከእነዚህ አንዱ ስቴሪዮ፤ 9 ቮልት ባትሪ ከነመያዣው። 430 እና 43 ካጣህ 470 እና 47 ተጠቀም፤ ጥምርታቸው አንድ ስለሆነ ቮልቴጁ አይለወጥም። እነዚህ ሁሉ የሬዲዮ መለዋወጫ በሚሸጥባቸው የመርካቶ ሱቆች የሚጠየቁ ዕቃዎች ናቸው፤ ከተጣለ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ቦርድም ይፈታሉ። የሚያስቸግርህ ባለ 9 እግሩ የእግር ማብሪያ ነው። ከጠፋ ለመሞከሪያ ባለ 6 እግር የእጅ ማብሪያ ይሠራል።

አገጣጠሙ፦ 1 ሜጋው ከመግቢያው ጃክ ወደ ግራውንድ ይሄዳል፤ ማብሪያውን ስትነካ ‹ጧ› እንዳይል ነው። ከመግቢያው በአንዱ ካፓሲተር በኩል ወደ ቤዝ። 430ው ከፖዘቲቭ ወደ ቤዝ፣ 43ቱ ከቤዝ ወደ ግራውንድ። 10 ኪሎው ከፖዘቲቭ ወደ ኮሌክተር፣ 390ው ከኤሚተር ወደ ግራውንድ። ከኮሌክተር በሁለተኛው ካፓሲተር በኩል ወደ ፖቴንሺዮሜትሩ አንድ ጫፍ፤ ሌላው ጫፍ ግራውንድ፤ መሐለኛው እግር ወደ መውጫ ጃክ። የባትሪውን ኔጌቲቭ በቀጥታ ግራውንድ ላይ አታድርገው፤ በስቴሪዮው መግቢያ ጃክ መካከለኛ ንክኪ ላይ አድርገው፣ የጊታሩ ገመድ ሲነቀል ባትሪው ይጠፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በትራንዚስተሩ እግር ነው። ጠፍጣፋውን ፊት ወደ አንተ፣ እግሮቹን ወደ ታች አድርገህ ስታየው፣ ቢ.ሲ 547 ከግራ ወደ ቀኝ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው። 2ኤን 3904 ግን ተቃራኒው፦ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር። ገልብጠህ ከበየድከው ድምፅ ያልፋል፣ ግን ምንም ያህል አይጨምርም። ስትበይድ ደግሞ አንድ እግር ላይ ከ3 ሴኮንድ በላይ አትቆይ።

ከጊታር በፊት በመልቲሜትር ለካ። ቤዝ 0.8 ቮልት ገደማ፣ ኤሚተር 0.2፣ ኮሌክተር ከ3 እስከ 5 መካከል መሆን አለበት። ኮሌክተሩ ላይ ሙሉ 9 ካነበብክ ትራንዚስተሩ አልተነሣም፤ 430ውን ወይም የኤሚተሩን ብየዳ ተመልከት። ከ1 በታች ከሆነ 43ቱ ተላቋል ወይም በስሕተት ሌላ ቁጥር ገብቷል።

በትክክል ከሠራ ወደ 20 እጥፍ ያህል ይጨምራል፣ ስለዚህ ማዞሪያውን ከዝቅተኛው ጀምር። የዚህ ሰርኪት ድክመት መግቢያው ዝቅተኛ መሆኑ ነው፣ 30 ኪሎ ኦም አካባቢ። በቀጥታ ከጊታሩ ቀጥሎ ከሆነ ቀጭኑን ድምፅ በጥቂቱ ይበላል። ከዲስቶርሽን በኋላ ግን ይህ አይታወቅም፤ ለሶሎ የምትፈልገውም እዚያው ነው። ሬዲዮ ጣቢያ መያዝ ከጀመረ 47 ፒኮ ፋራድ ካፓሲተር በቤዝና በኮሌክተር መካከል ጨምር፣ ሰርኪቱንም በብረት ሣጥን ውስጥ አድርገህ ሣጥኑን ከግራውንድ ጋር አገናኝ። የፕላስቲክ ሣጥን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቡስት አምፕ ያቃጥላል ይባላል። እውነት ነው? ፔዳል የመግዛት አቅም ለሌለውስ ምን ትላላችሁ? (አያት)

መልስ፦ አምፑ ከራሱ ስፒከር ጋር የመጣ ከሆነ ቡስት አያቃጥለውም። ስጋት የሚኖረው ከአምፑ ዋት ያነሰ አቅም ያለው ስፒከር ከተገጠመበት፣ ወይም ሙሉ ድምፅ ላይ ለሰዓታት ከተተወ ነው።

ፔዳል ለሌለው በጊታሩ ላይ ያለው ቮሊዩም አለ። አምፑን ለሶሎ በሚበቃ መጠን ያስተካክሉ፣ ከዚያ አጃቢውን ቮሊዩሙን 7 ላይ አድርገው ይጫወቱ፣ ሶሎው ሲመጣ በትንሹ ጣት 10 ላይ ያድርሱት። በጣም ለሚሻክር ድምፅ አይሠራም፤ ለንጹህና በጥቂቱ ለሚሻክር ግን ጥሩ ነው። 7 ላይ ድምፁ የሚደነዝዝ ከሆነ 1 ናኖ ፋራድ ካፓሲተርና 150 ኪሎ ሬዚስተር ጎን ለጎን አድርጎ በቮሊዩም ማዞሪያው መግቢያና መሐለኛው እግር መካከል መበየድ ነው፤ ለሬዲዮ ጠጋኝ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።